የመርከቧ ሞተር አይወጣም

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ግቢ ገባና ቡናውን ሳይቀምስ የአሮጌዋን መኪናችንን፣ የ«መርከቧን»፣ ኮፈን ከፍቶ ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ትንሽ ካየ በኋላ «አንቺ፣ ይሄ ሞተር ይውጣ። የቶዮታ ሞተር አግኝቻለሁ» አለኝ።

ምክንያት አለው። ባለፈው ሳምንት አክስቶቻችንን ይዘን ለሠርግ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ፈላችብን። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀስ በቀስ ሄዶ ጫፍ ነካ። ከዚያ እንፋሎቱ በኮፈኑ ጠርዝ ወጣ። ዳር ያዝን። አንዷ አክስታችን ቀሚሷን ሰብስባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሌላዋ በነጠላዋ ታራግብልኝ ጀመር። ሐረር ስንደርስ ምሳው አልቆ ሰው ቡና ላይ ነበር። ወንድሜ ያን ቀን ምንም አላለም፤ ግን ፊቱን አይቼ ሐሳቡን አውቄዋለሁ።

እኔ ደግሞ ሞተሩ አይወጣም ባይ ነኝ። ቆሜ ላስረዳው ስሞክር ይቆጣል፤ እኔም እቆጣለሁ። ስለዚህ ረጋ ብዬ እዚህ ልጻፈው። ማታ ማታ ስልኩ ላይ እንደሚያነበኝ አውቃለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1950 ፕሊመዝ ናት፤ ስፔሻል ዴሉክስ የሚባለው ባለአራት በር። የክራይስለር ሥራ ነች። አባዬ በ1967 ዓ.ም ከድሬ ጠቅልሎ ከሚሄድ አንድ ግሪክ ነጋዴ ገዛት። ያኔም ወጣት አልነበረችም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከዚራ ሰፈር ያለው ግቢያችን ውስጥ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ትቆማለች። ዛፉ ሲያብብ ጣሪያዋ ቀይ ይለብሳል። አበባውን በመጥረጊያ አልጠርገውም፤ ቀለሟ እንዳይጫር በእጄ ነው የማነሳላት።

የሰፈር ልጆች «መርከቧ» ይሏታል። ስሙን ራሷ ይዛው የመጣች ነች። ኮፈኗ ጫፍ ላይ ትንሽ ባለሸራ መርከብ አለች። ሜይፍላወር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1620 እንግሊዛውያን ስደተኞችን ጭና አሜሪካ የደረሰችው መርከብ። የሰፈሩበት ቦታ ፕሊመዝ ይባላል፤ የመኪናዋም ስም ከዚያው ጋር የተያያዘ ነው። ልጅ ሆኜ ያቺ ትንሽ መርከብ ከጅቡቲ ባሕር ወጥታ በባቡር ድሬ የገባች ይመስለኝ ነበር። ድሬ ላይ ከሩቅ የመጣ ነገር ሁሉ በባቡር ነው የገባው፤ ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት።

ስለ ቅርጿ ልናገር። ሥራዬ ቴክኒካል ድሮዊንግ ማስተማር ስለሆነ መስመር አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ፕሊመዟን ከጎን ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው። ከፍ ያለና ክብ ነው። በዚያው ዘመን የወጣው የ1949 ፎርድ ዝቅ ያለ፣ ጎኑም እንደ ሳጥን ልሙጥ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ፎርዱ ሊሮጥ ያጎነበሰ ልጅ ይመስላል። ፕሊመዟ ደግሞ በረንዳ ላይ ቀና ብለው የተቀመጡ ሽማግሌ ትመስላለች። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት «ያረጀ ቅርጽ» ይላታል። እኔ አልስማማም። ያ ከፍታ ሆን ተብሎ፣ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካን ፋብሪካዎች የቤት መኪና መሥራት አስቆማቸው። ክራይስለርም ወደ ታንክ ዞረ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መኪና ሲመለሱ መጀመሪያ ያወጡት የድሮውን ቅርጽ ነካ ነካ አድርገው ነው። ከጎማ እስከ ጣሪያ አዲስ የሆነው ፕሊመዝ የመጣው በ1949 ነው፤ የእኛይቱ የዚያ ተከታይ ናት። ያኔ የክራይስለር ፕሬዚዳንት ኬ. ቲ. ኬለር ነበር። በወጣትነቱ ማሽን ላይ፣ በእጁ ብረት እየቆረጠ የሠራ ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብሎ ነበር። ሰው ባርኔጣውን ሳያወልቅ መኪና ውስጥ ገብቶ መቀመጥ አለበት። ወንበሩም እንደ ቤት ወንበር ከፍ ይበል።

ገበያው ግን ዝቅ ያለውን ወደደ። ለዓመታት ከሸቭሮሌና ከፎርድ ቀጥሎ ሦስተኛ የነበረው ፕሊመዝ በ1954 ወደ አምስተኛ ወረደ። ከዚያ በኋላ ቨርጂል ኤክስነር የሚባለው ዲዛይነር የክራይስለርን መኪናዎች ዝቅ አደረጋቸው፣ አስረዘማቸው፣ ክንፍም አወጣላቸው። ቆንጆ ናቸው፤ አልክድም።

ግን የእኛን አያት አስቧት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ወገቧ አይታጠፍም ነበር። ፔጆ ታክሲ ውስጥ ለማስገባት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ ከውጭ ይደግፋል፣ አንዱ ከውስጥ ይስባል። መርከቧ ጋ ስትደርስ ግን ማንንም አታስነካም። በሩን ይዛ ዞር ትላለች፣ ጀርባዋን ትሰጥና ቁጭ። ልክ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እንደምትቀመጠው። ከዚያ እግሯን አንድ በአንድ ታስገባለች። የራሷ ሻሽ ጣሪያውን ነክቶ አያውቅም። ጎረቤታችን የነበሩት ሐረሪ አዛውንትም እንዲሁ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ገብተው ይወርዱ ነበር። ኬለር ድሬን አያውቃትም። ነገር ግን ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቅ ነበር፤ ሰው ደግሞ የትም አንድ ነው አቀማመጡ።

ባለፈው ነሐሴ ሜትር ይዤ ለካኋት። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 301 ሳንቲ ሜትር። ፋብሪካው የጻፈው 118 ተኩል ኢንች ነው፤ ሲባዛ ያው ነው። በግራም በቀኝም ለካሁ። በደንገጎ ጠመዝማዛ፣ በደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ሻንሲዋ፣ ሁሉን የተሸከመው የሥር ብረቷ፣ አንዲት ሳንቲም አልተጣመመም። ወንድሜ፣ ይህን ለብቻው አስብበት።

የኋላ ፓራፋንጎዎቿ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍኑት ላሜራዎች፣ ከቦዲው ጋር አልተበየዱም፤ በብሎን ነው የታሰሩት። በዚያ ጊዜ ሌሎቹ ጎኑን ሁሉ አንድ ላሜራ ማድረግ ጀምረው ነበር። ከፊት ያለው ፓራፋንጎ ወደ በሩ ፈሶ ይጠፋል፤ የኋላው ግን ለብቻው እንደ ትከሻ ጉብ ይላል። ለዓይን አሮጌ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ መጋላ ገበያ አጠገብ ጋሪ ገጭቷት የኋላው ትከሻ ገባ። አባዬ ብሎኖቹን ፈታ፣ ፓራፋንጎውን አሸዋ ላይ ገልብጦ አስቀመጠ፣ በእንጨት መዶሻ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ መታው። ማታ ቦታው ገባ። ዛሬ እንዲህ ያለ ግጭት የደረሰበት መኪና ሳምንት ጋራዥ ያድራል።

የፊት ወንበሩ አንድ ረጅም መቀመጫ ነው፤ ሦስት ሰው ይይዛል። ማርሹ መሪው ላይ ስለሆነ መሃል ለሚቀመጠው እግር ቦታ አለ። ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ። መጀመሪያ የለበሰው የሱፍ ጨርቅ ለድሬ ሙቀት የሚሆን አልነበረም፤ ያሳክካል፣ ላብ ይይዛል። አባዬ ወንበሮቹን ነቅሎ ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር ወሰዳቸውና በጥጥ ጨርቅ አስሰፋቸው። መኪና ግርግር ማለት ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው፤ ስሙም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። የመኪና ወንበር በመኪና ግርግር መሰፋቱ ያን ጊዜ በጣም አስደስቶኝ ነበር። ስፌቱ እስካሁን አልተፈታም።

አሁን ወደ ሞተሩ።

ስድስት ሲሊንደር፣ በአንድ መስመር። 217.8 ኩቢክ ኢንች ይላል መጽሐፉ፤ በእኛ አነጋገር 3.6 ሊትር ገደማ። ጉልበቱ 97 የፈረስ ጉልበት ነው። ወንድሜ ይህን ቁጥር ሲሰማ ይስቃል። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይነበብም። የሲሊንደሩ ስፋት 82.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ፒስተኑ የሚመላለስበት ርቀት 111 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባብና ረጅም። እንዲህ ያለ ሞተር ከላይ አይጮህም፤ ከታች ይጎትታል። በሦስተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄደች ነዳጅ ብትሰጣት ሳታጉረመርም ትነሳለች። ከዚራ ጥላ ውስጥ ለመንሸራሸር ከዚህ የተሻለ ሞተር አልነዳሁም።

ፕሊመዝ ይህን ዓይነት ስድስት ሲሊንደር እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1959 ድረስ መኪናዎቹ ውስጥ ሲገጥም ኖሯል። መጠኑ እየተቀየረ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ታላላቅ ወንድሞቹ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ሸርማን ታንክ ገፍተዋል። ክራይስለር አምስቱን ሞተር አንድ ላይ አስሮ 30 ሲሊንደር ያለው አንድ ሞተር አድርጎ ታንኩ ውስጥ ከተተው። አባዬ ይህን ታሪክ ለእንግዳ ሁሉ ይነግር ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዛሬ ሞተር ቫልቮላዎቹ፣ ነዳጁን የሚያስገቡትና የተቃጠለውን የሚያስወጡት በሮች፣ እላይ ቴስታታው ውስጥ ናቸው። በዚህኛው ግን ከፒስተኖቹ ጎን፣ ብሎኩ ውስጥ፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። ስለዚህ ቴስታታው ክዳን ብቻ ነው፤ የድስት ክዳን በሉት። ካንዴላዎቹ ክዳኑ ላይ በሰልፍ ቆመዋል፤ ለመፍታት እጅ ማጣመም የለም። ክዳኑ ሲነሳ ስድስቱም ፒስተን፣ ዐሥራ ሁለቱም ቫልቮላ ጸሐይ ላይ ይወጣሉ። ምን እንደታመመ በዓይን ይታያል። ለዚህ ነው የምወደው፤ የሚደብቀው ነገር የለውም።

ከአንድ ነገር በስተቀር። የደንገጎም ጣጣ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ቫልቮላዎቹ ብሎኩ ውስጥ ስለሆኑ የተቃጠለው ጋዝ ሲወጣ ብሎኩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቫልቮላዎቹ የሚያርፉበት ቦታ በጣም ይግላል። የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀው መላ ፈጠሩ። ከውሃ ፓምፑ ጀርባ ጀምሮ ብሎኩን ከፊት እስከ ኋላ የሚያቋርጥ ጠፍጣፋ ቱቦ አስገቡ። ቱቦው ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ከራዲያተር የመጣው ቀዝቃዛ ውሃ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ የሚፈሰው የጋለው ቦታ ላይ ነው፤ ለስድስቱም ሲሊንደር በየድርሻው። ጥሩ መላ ነው። ችግሩ ቱቦው ከስስ ላሜራ መሠራቱ ነው። ዝገት ይበላዋል። የተበላ ቱቦ ውሃውን ከፊት ያፈስና ኋላ ያሉትን ሲሊንደሮች ያስጠማል። ከውጭ ምንም አይታይም። ፓምፑ ይሠራል፣ ራዲያተሩ ሙሉ ነው፣ መኪናዋ ግን ትፈላለች።

በ1978 ዓ.ም የደረሰብን ይኸው ነው። የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሜዳ ላይ ደህና የሆነችው መኪና ደንገጎ ስትደርስ ትፈላለች። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ አናት ላይ ሲወጡ 2000 ታልፏል። ከፍ በተባለ ቁጥር ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እዚያ ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። አባዬ መኪናዋን አንድ ጋራዥ ወሰዳት። የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ በክዳኑና በብሎኩ መሃል ያለውን ማሸጊያ፣ ቀየሩ፤ ፈላች። ቴርሞስታቱን አወጡ፤ ፈላች። ገንዘቡን ተቀብለው «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይቀየር» አሉት። ያኔም ይህ ቃል ተብሎ ነበር ማለቴ ነው።

አባዬ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። ነገር በዓይኑ ካላየ አያምንም። አንድ እሁድ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ አሞቀው። ከዚያ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቴስታታው ላይ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ ጠብ ጠብ አደረገ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ ደረቀች። ሁለተኛዋም። አምስተኛው ሲሊንደር ጋ ያለችው ጭስስ ብላ ጠፋች። ስድስተኛዋ ብረቱን የነካች አልመሰለኝም፤ ዘላ ነው የሄደችው። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና «አየሽ? ኋላ ውሃ የለም» አለ።

ራዲያተሩ ወጣ። ቬንትሌተሩ ወጣ። ፓምፑ ተፈታ። ከጀርባው የቱቦው አፍ ታየ። አባዬ ከወፍራም ሽቦ መንጠቆ ሠርቶ አስገባና ሳበ። መጀመሪያ የወጣው ከጣቴ የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ከዚያ ሌላ ቁራጭ። ቡኒ፣ ስስ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር፤ ልክ ድርቆሽ። እስከ ምሽት ድረስ ቁራጭ በቁራጭ አወጣው። ጋዜጣ ላይ በቦታ በቦታቸው ደረደርናቸው። ከአንድ ክንድ ጥቂት የሚበልጥ ነገር ነበር፤ መሃሉ ላይ የጎደለ አለ።

«አንቺ ትሥያታለሽ» አለኝ። ባለካሬ ደብተሬን አመጣሁ። በካሊፐሩ እየለካ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ርቀት ከአፉ፣ የቀዳዳው ርዝመት፣ የቱቦው ቁመትና ስፋት። የጎደለውን ቦታ ከሌሎቹ አስተያይተን ሞላነው። በማግስቱ ከነሐስ ላሜራ ቆርጦ አጠፈው፣ ስፌቱን በየደው፣ ቀዳዳዎቹን እንደ ሥዕሉ አወጣ። ነሐስ አይዝግም። ቀለል አድርጎ ብሎኩ ውስጥ ገፋው፤ እስከ መጨረሻው ሄደ።

በሳምንቱ ቤተሰቡን ሁሉ ጭነን ደንገጎን ወጣን። ዓይኔ መርፌው ላይ ነበር። መሃል ላይ ደረሰና ቆመ። ዳገቱን ሁሉ እዚያው ቆመ። አባዬ መንገዱን ሁሉ ዝም ብሎ ነዳ። አወዳይን አልፈን ሐረር መግቢያ ስንደርስ ነው «ሥዕልሽ ሠራ» ያለኝ። ዛሬ ተማሪዎቼ ሲመረቁ የማልነግራቸው፣ ግን ሁልጊዜ የማስበው፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ነው።

ወንድሜ ያኔ ገና አልተወለደም። ታሪኩን ሰምቶታል፤ ጠብታዋን ግን አላያትም።

ስለ መርከቧ ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ሞተሩ ቢወጣ ሌላው ሁሉ እንደሚከተል እንዲያይ። የእጅ ፍሬኗ የኋላ ጎማዎቹን አይዝም። ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ኋላ ያለ ከበሮ ነው የሚጨብጠው። ካምቢዮው ሲወጣ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይወጣል። ይህ ፍሬን አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሱት፣ ፍሬኑ ተይዞም ቢሆን መኪናዋ ልትንሸራተት ትችላለች። ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል የተነሳውን ጎማ ወደኋላ እያሽከረከረ መሬት ያለውን ይለቀዋል። ስለዚህ ታኮ ሳይደረግ ክሪክ አይነካም። አባዬ ወንበር ሥር ሁለት የእንጨት ታኮ ነበሩት፤ አሁንም አሉ።

የጎማ ብሎኖቿም እንዲሁ። በቀኝ ያሉት እንደ ማንኛውም ብሎን ይፈታሉ። በግራ ያሉት ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይፈታሉ። ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ብሎኑ እየላላ እንዳይሄድ ብለው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጎሚስታ ሳልደርስበት በረጅም ቱቦ ታግሎ አንዱን ቆረጠው። ልጁ ደነገጠ። አልተቆጣሁትም፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አሁን በግራ በኩል ቸርኬው ላይ በነጭ ቀለም ቀስት ሥያለሁ።

ባትሪዋ 6 ቮልት ነው፤ ቦዲው ላይ የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው። የዛሬ መኪና ሁሉ ኔጌቲቩን ያስራል። የቶዮታ ሞተር ከገባ ባትሪው፣ መብራቱ፣ ክላክሱ፣ የዳሽቦርዱ መለኪያ ሁሉ ወይ ይቀየራል ወይ ይሞታል። ያቺ ቁልፍ አዙሮ የማስነሳት ነገር እንኳን ከክራይስለር በ1949 የመጣች ናት፤ ከዚያ በፊት ቁልፍ ለብቻ፣ ማስነሻ ለብቻ ነበር። እሷም ትሄዳለች።

ከሁሉ በላይ ግን የሞተሩ አሳሰር። እ.ኤ.አ. በ1931 ፕሊመዝ ያመጣው ዘዴ ነው፤ ተንሳፋፊ ኃይል ይሉታል። ሞተሩን ከፊት ከፍ አድርገው፣ ፓምፑ ሥር፣ ከኋላ ደግሞ ዝቅ አድርገው በጎማ ላይ አስቀመጡት። በሁለቱ መሃል የሚታሰበው መስመር በሞተሩ የክብደት መሃል ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ክብደት ዙሪያ ይወዛወዛል፤ ንዝረቱ ሻንሲው ላይ አይደርስም። ፈረንሳዮቹ ሲትሮኤን ሳይቀሩ ፈቃዱን ገዝተው መኪናቸው ላይ አድርገውታል። መርከቧ ቆማ ስትሠራ ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። ሞተሩ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ከዚያ ገብታችሁ መሪውን ያዙ። ዝም። አባዬ ቡና የያዘ ሲኒ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ያሳየን ነበር፤ ቡናው ላይ ቀጫጭን ክብ መስመር ብቻ ይታያል።

የቶዮታው ሞተር በዚህ ቦታ አይቀመጥም። ሻንሲው ይቆረጣል፣ አዲስ ሱፖርት ይበየዳል። በ301 ሳንቲ ሜትር ሙሉ ያልተነካው ሻንሲ። ቶዮታ ጥሩ ሞተር ነው፤ ወንድሜ የሚነዳው ፒክአፕ ላይ ይመስገን። እዚህ ግን ከገባ የቀረችው ጣሪያና ወንበር ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ትንፋሽ ልነግረው አልቻልኩም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ «ሞተሩን ከማውጣትህ በፊት ፓምፑን አብረን እንፍታ። ቱቦው ከተበላ የፈለግከውን አድርግ።»

«አቦ፣ እሺ» አለ። ቡናውን ጠጣ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ገባበት።

ራዲያተሩን አወጣን፣ ፓምፑን ፈታን። መንጠቆው አባዬ የሠራው ያው ሽቦ ነው፤ መሳሪያ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ለወንድሜ ሰጠሁት። አስገብቶ አጠመደና ቀስ ብሎ ሳበ። ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ደገመ። ከዚያ ቱቦው ሙሉውን፣ አንድ ቦታ ሳይሰበር፣ እጁ ላይ ወጣ። አረንጓዴ ሆኗል። በጨርቅ ሲጠርገው ከሥሩ ቢጫው ብቅ አለ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ የነጥብ ምት አለች፤ አባዬ ከመቅደዱ በፊት ቦታውን ምልክት ያደረገባት። ወንድሜ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው። ብዙ ቆየ።

«እና ምንድነው የሚያፈላት?» አለኝ በመጨረሻ።

ራዲያተሩን አጋድሜ የላይኛውን አፍ በስልኬ መብራት አሳየሁት። ነጭ ነው። የድሬን ውሃ የሚያውቅ ማንቆርቆሪያው ውስጥ አይቶታል፤ ያው ጠጣር ነጭ ነገር ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ቀጫጭን መተላለፊያዎቹን ደፍኗቸዋል። እኔ ነኝ የቧንቧ ውሃ ስሞላባት የኖርኩት። አባዬ የዝናብ ውሃ በበርሜል ያጠራቅምላት ነበር፤ በርሜሉ ሲበሳ ተውኩት።

ወንድሜ ቱቦውን ጋዜጣ ላይ አስቀመጠ። ስለ ቶዮታው ሞተር «ተውኩት» አላለም። «ይጠረግና እንይ። ደንገጎ ላይ ከፈላች ግን እነጋገራለን» አለ። ሳቢያን በኩል የሚያውቀው የራዲያተር በያጅ ነበረውና ደወለለት። ራዲያተሩን ባጃጅ ላይ ጭነን፣ እኔ ከኋላ አቅፌው ሄድን።

ማክሰኞ ይደርሳል ተብለናል። ረቡዕ ጠዋት ጸሐይ ሳይበረታ ወደ ሐረር እንወጣለን። አክስቶቼም እንመጣለን ብለዋል።